ማክሰኞ የኔ ነው

የሰርዲን ቆርቆሮ ስከፍት ሽታው ዛሬም ቀጥ አድርጎ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወዳለ አንድ ኩሽና ይወስደኛል። "ሰርዲን ደግሞ ምን ትዝታ አለው?" የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እኔ ከስንቱ ድግስ አስበልጠዋለሁ።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ አንዲት አይሁዳዊት ባልቴት ቤት ትሠራለች፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ባልቴቷ ዓይናቸው ቢደክምም ምድጃቸውን ሌላ ሰው እንዲለኩሰው አይፈቅዱም ነበር። በየማክሰኞው ምሳ የሚበላ አንድ የሃይማኖት ተማሪ ነበራቸው፤ ከሩቅ የመጣ፣ ምንም የሌለው ልጅ። እሑድ አንድ ቤት፣ ሰኞ ሌላ ቤት ይበላል። የባልቴቷ ቀን ማክሰኞ ነው።

እናቴ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። "የቆሎ ተማሪ በይኛ። አባትሽ ከውሻ እየታገለ የለመነውን፣ ይሄኛው ወንበር ተስቦለት ይበላል። ይብላ፣ አንጀቱ ይራስ።"

በመኪና ግማሽ ሰዓት ርቃ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው የባልቴቷ ልጅ ግን ይህን የማክሰኞ ምሳ አልወደደችውም። እናቷ አንድ ጊዜ ምድጃ ሳያጠፉ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበርና፣ "ሌላ ስህተት ካየሁ እኔ ጋ ትገቢያለሽ፤ ማክሰኞም ይቀራል" ብላቸዋለች።

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በእምነታቸው ሕግ በዚያ ቤት የወተት ዕቃና የስጋ ዕቃ አይገናኝም፤ ሰማያዊ እጀታ የወተት፣ ቀይ የስጋ። ስልኬን እያየሁ፣ ቅቤ ባቀለጥኩበት ሰማያዊ ማንኪያ የዶሮውን ሾርባ አማሰልኩት። እኛ ቤት የጾም ድስት በቅቤ ማንኪያ የነካ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ማንኪያውን አወጣሁት።

ባልቴቷ አላዩም። ልጃቸው ደግሞ ልትደርስ ነው። ዝም ብል ተማሪው የተከለከለበትን ሊበላ፣ ብናገር ማክሰኞ ሊቀር ነው። እናቴን አየኋት።

"ኤክስኪዩዝ አትፈልጊ፤ ንገሪያቸው" አለችኝ። "አምኖን የሚጎርስን ሰው አናታልልም።"

ነገርኳቸው። ባልቴቷ ሳይቆጡ ሾርባውን ሲንኩ ውስጥ አስደፉኝ። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ እያለ ልጃቸው ገባች፤ ተማሪው ከኋላዋ ቆሟል።

"ይኸው፣ ነግሬሽ ነበር" አለች።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም" አልኩ።

ባልቴቷ ለተማሪው ወንበር ሳቡለት። "ያለቀው ሾርባው ነው" አሏት ልጃቸውን። "ማክሰኞ የኔ ነው።" ሁለት ቆርቆሮ ሰርዲን ከፈቱ፣ ቲማቲም ከተፉ፣ ዳቦ አቀረቡ። ተማሪው ዘይቱን ሳይቀር በዳቦ ጠርጎ በላ። ልጃቸው ቆማ አየችው።

ቅጠል ሲረግፍ ባልቴቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ልጃቸው አሌክሳንድሪያ ወሰደቻቸው። አልጋ ላይ ሆነውም ማክሰኞን አልለቀቁም። እናቴ በየሳምንቱ ተማሪውን ከኋላ አስቀምጣ፣ ትራፊኩን እየረገመች በ495 አውራ ጎዳና ትወስደዋለች። "ዘመድሽ ነው እንዴ?" ለሚሏት፣ "ምን አገባችሁ" ነበር መልሷ።

ባልቴቷ ሞቱ። ሰባት ቀን ሐዘን ተቀመጡላቸው። ከዚያ በኋላ በመጣው ማክሰኞ ትምህርት አልነበረኝም፤ እናቴ የመኪናውን ቁልፍ ከተሰቀለበት ሳታነሳ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነበር። "በቃ፣ አበቃ" አለችኝ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ስልኳ ጮኸ። የባልቴቷ ልጅ ናት። እናቴ ስፒከር ላይ አደረገችው።

"ምሳው እየቀዘቀዘ ነው" አለች። "የት ደረሳችሁ?"