በጭብጨባ የሚቆረጥ እንግሊዝኛ

መቱ ኮሌጅ መምህርነት ስማር ለልምምድ ሁሩሙ የምትባል ከተማ ተመደብኩ፤ ሦስተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። ከኮሌጅ የሚመጡት ሱፐርቫይዘር አንድ ክፍለ ጊዜ አይተው ካላሳለፉኝ ምርቃት የለም። እንቅልፍ አጣሁ።

ትምህርቱ ቃልን በየክፍለ ቃሉ እያጨበጨቡ መቆራረጥ ነው። መጽሐፉ «ስኩል» አንድ ጭብጨባ ነው ይላል። የእኔ ልጆች ግን «ኢስ-ኩል» ብለው ሁለቴ ያጨበጭባሉ። የእኛ አገር አፍ፣ ኦሮምኛም ይናገር አማርኛ፣ ሁለት ተነባቢ ደርቦ መጀመር ይከብደዋል፤ መንደርደሪያ አናባቢ ይጨምራል። ያኔ ይሄ መቼ ገባኝ! «እንዴ! አንድ ነው አልኩ እኮ!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አሁንም ሁለቴ።

በመጨረሻ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግኩ። ዐሥር ቃል አስሸመደድኳቸው፤ ከዚያም «እንግዳው ሲጠይቁ ሁላችሁም እጅ አውጡ፤ የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ» አልኳቸው።

ሱፐርቫይዘሩ ሱሪያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከሚኒባስ ወርደው መጡ። ዐሥሩ ቃል እንደ ውሃ ፈሰሰ። ደረቴን ነፋሁ።

«እስቲ እኔም ልጠይቅ» አሉ። «ስትሪት!»

ክፍሉ ሙሉ ግራ እጅ ሆነ።

«ምነው፣ ሁሉም ግራኝ ናቸው እንዴ?»

ጉዴ ፈላ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ ቀኟን አውጥታለች። ተነስታ «ኢስ-ቲ-ሪት» ብላ ሦስቴ አጨበጨበች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን እንዴት እንደቆጠረች በኦሮምኛ ጠየቋት።

«እጄን አገጬ ሥር አደርጋለሁ። አፌ በተከፈተ ቁጥር አገጬ ይወርዳል» አለች።

እሳቸውም እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ቃሉን ደጋገሙት። ፈገግ አሉ።

ከክፍል ስንወጣ፣ ሳይጠይቁኝ «ጋሼ፣ አስጠንቻቸው ነው» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«እኛም ስንፈተን ያው ነበርን። ዛሬ ግን አላሳልፍሽም። እነዚያ ዐሥር ቃል ያውቃሉ፤ ያቺ ልጅ ግን መቁጠር ታውቃለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ፣ የማይፈራ ክፍል አሳዪኝ።»

በማግስቱ ልጅቷን ከሰሌዳው አጠገብ አቁሜ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁላችንም እጃችንን አገጫችን ሥር አደረግን። «ስትሪት»ን መጀመሪያ ራሳችን እንደምንለው አልን፣ ቀጥሎ ስልኬ ላይ የቀዳሁት እንግሊዛዊ እንደሚለው። በእኛ አነጋገር አገጫችን ሦስቴ ወረደ፣ በእሱ አንዴ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ!

ሱፐርቫይዘሩ ተመልሰው ሲመጡ ሰምተነው የማናውቀው ቃል ሰጡን። ክፍሉ ተንጫጫ፤ አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት፣ ጥቂቶቹ አንድ ብለው ተከራከሩ። አንዱንም ዝም አላሰኘሁም።

«ይሄን ማን አስተማራችሁ?» አሏቸው።

«እሷ!» ብለው ወደ ልጅቷ ጠቆሙ።

ክው አልኩ። ደግሞስ ምን ልበል፣ እውነት ነው።

«እኔንም ጭምር ጋሼ» አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አውጥተው የማለፊያ ወረቀቴ ላይ ፈረሙልኝ።