ቴሌቪዥኑ ላይ ያልታየችው ለቀስተኛ

የአክስቴ ባል ያረፉ ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያ ፈተናዬን እየጠበቅሁ ስለነበር ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም። በዚህ ማንም አልተቀየመኝም። «ትምህርት ላይ ናት» ተባለልኝ፤ እንዲያውም በስልክ ማልቀሴ ተወደሰልኝ። ቅያሜው ያረፈው እናቴ ላይ ነው። እናቴ ግን ሄዳ ነበር።

ለቅሶውን የአክስቴ ልጅ አስቀርጾታል። እሱ ራሱ ሐዘንተኛ ስለሆነ ስልኩን ለጓደኛው አስይዞ፣ ከድንኳኑ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን አንድም ሳያስቀር እንዲያነሳ አዘዘው። ቪዲዮው በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ ተላከ። መሐል ሜዳ ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰው አዲስ አበባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ደረሰ። ውጭ አገር ያሉትም አዩት፤ አይተውም ጠየቁ። «የወንድምሽ ሚስት የት አለች?» አሏት አክስቴን።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት። ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ደጋግማ አየችው፤ እናቴን አጣቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የወንድሜ ሚስት ባሌን አልቀበረችም» የሚለው ወሬ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ እኛ ያለንበት ዘመሮ ድረስ ከሚኒባሱ ቀድሞ ገባ። በእኛ አገር ሰው በግ ሰርቆ ይታረቃል፣ ድንበር ገፍቶ ይታረቃል። ለቅሶ ቀርቶ ግን የሚታረቅበት ሽማግሌ አያገኝም፤ ሽማግሌዎቹም ለቅሶ ላይ አይተውት አያውቁማ።

እናቴ ወሬውን የፈራችው ለራሷ ክብር ብላ አይደለም። አያቴ፣ ማለትም የእናቴ እናት፣ እኛ ቤት አልጋ ይዛ ከርማለች። አክስቴ ደግሞ «እሷ ቤት ለቅሶ የሆነ ቀን እኔም በስልክ አየዋለሁ» ማለቷ ተሰማ። አክስቴ ካልመጣች የአባቴ ወገን አይመጣም። የአባቴ ወገን ካልመጣ አያቴን የሚቀብሯት እናቴ፣ ቄሱና ጥቂት ጎረቤቶች ሊሆኑ ነው።

ለክረምት እረፍት አገሬ ስገባ የሟቹ ሙት መንፈቅ ደረሰ። አባቴ በጎቹን የሚጠብቅለት አጥቶ ቀረ፤ እኔና እናቴ መሐል ሜዳ ሄድን። ጸሎቱ ደረሰ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ሩቅ የሚሄደው ተሰናበተ። ቤት ውስጥ የቀረነው ጥቂት ነን፤ አክስቴ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣው የሟቹ ወንድም፣ በርኖሳቸውን ያልፈቱ አንድ ሽማግሌ የእድር ዳኛ፣ እናቴና እኔ። የሟቹ ወንድም ነጋዴ ነው፤ ተቀምጦም ቢሆን የሚሄድ ይመስላል። እናቴ የተቀመጠችው በሩ ጥግ ነው። ደስ ያላለው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የለ? በይ ያንን ለቅሶ ቴሌቪዥኑ ላይ አውጪልን። በትልቁ እንየው» አለችኝ። ለምን እንደፈለገችው ለማንም ግልጽ ነበር። በትንሹ ያጣቻትን በትልቁም ማጣቷን በሰው ፊት ልታረጋግጥ ነው።

ቴሌቪዥኑን ልጇ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣላት። ግድግዳውን ይሞላል። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለሐዘኑ ክብር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አንድ ዜና እንኳ ሳይታይበት ከርሟል። እነሆ ጨርቁ ተነሳ፤ የተነሳውም ሐዘኑን ለማየት ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም፤ ያስተማሩኝ ዶርም አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ናቸው። ቢሆንም የሰውን ተስፋ ማፍረስ አልወድም። ስልኬና ቴሌቪዥኑ አንድ ዋይፋይ ላይ መገናኘት ስላለባቸው የነጋዴውን ሆትስፖት አስከፈትኩ። ካርዱን እንዳልጨርስበት ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ሰማዩ ቢጠቁርም ምስሉ ደምቆ እንዲታይ አክስቴ መስኮቱ ላይ የባና ብርድ ልብስ ሰቀለች፤ ቤቱ የበግ ሱፍ ሸተተ። ቴሌቪዥኑ ስልኬን ሲያገኘው የስልኬን ስም ጽፎ ይግባ ወይስ አይግባ ብሎ ጠየቀ። የእድር ዳኛው ምን እንደሚል ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

«ፈቃድ ይጠይቃል?» አሉ። «ከሰው ይሻላል።»

ምስሉ መጣ። ሁሉም ወደፊት ተጠጋ። የቀረጸው ልጅ ስልኩን አቁሞ ስለያዘው፣ ምስሉ በቴሌቪዥኑ መሐል ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ነገር ሆነ። ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ቴሌቪዥኑ እንደ በር ሰፊ፣ ለቅሶው እንደ በሩ ስንጥቅ ጠባብ።

ነጋዴው ጎን ጎኑ ለምን እንደጠቆረ ጠየቀኝ። ስልኩ ቆሞ ስለተያዘ ነው አልኩት። ታዲያ ወደ ግራ ግፊው አለኝ፤ እሱ የቆመው በግራ በኩል ነበርና። እዚያ ምንም የለም ብዬ ላስረዳው ስሞክር የእድር ዳኛው አቋረጡኝ።

«እንዴት ምንም የለም ትያለሽ ልጄ? እኔ ራሴ እዚያ ቆሜ ነበር።»

እውነትም እሳቸው እዚያ ቆመው ነበር። በስልኩ ሲታይ ጥቁሩ ስለሌለ የጎደለ ሰው መኖሩን ያሰበ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ሲሰፋ ግን የጎደለውም አብሮ ሰፋ። ግማሹ ለቀስተኛ ጥቁሩ ውስጥ ቀርቷል፤ ሁሉም ደግሞ እኔ በክፋት የደበቅሁበት ይመስል ያየኛል።

ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ይወጣል። አክስቴ ስትጮህ ይሰማና አፏ ቆይቶ ይከፈታል። አስለቃሿም እንዲሁ፣ ግጥሙን ከጨረሰች በኋላ ከንፈሯ ይጀምረዋል፤

ሞፈሩ ቆመ ወይ ቀንበሩ ተሰቅሎ፣
ባለቤቱ ሄደ በሩን ክፍቱን ጥሎ።

ሟቹ ሞፈር ከጨበጡ ዘመናቸው ነው፤ በግ ነጋዴ ነበሩ። ግን ለበግ ነጋዴ እንዲህ የሚያምር ግጥም ከየት ይመጣል? አክስቴ እዚያ ጋ ደግሜ እንዳሳያት ጠየቀች፤ ደገምኩላት።

ቀጥሎ የመጣውን ግን እንድደግመው የጠየቀ የለም። አክስቴ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ውኃ ትጠጣለች። ቀራጩ ወደ እሷ ሲዞር ኩባያውን ታስቀምጣለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን አንገቷ ላይ ታስተካክላለች፤ ስልኩን ቀና ብላ ታያለች፤ ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወየው» ትላለች። ትንሿ ስልክ ላይ ይህ ሁሉ አንድ እንቅስቃሴ ነበር። እዚህ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይታያል። የእድር ዳኛውን ሳል ያዛቸው። አክስቴም ያን ቀን ጉሮሮዋ ደርቆ እንደነበር ለማንም ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ ነገረችው። ማዘኗን የሚጠራጠር አልነበረም፤ ባሏን ትወድ ነበር። ቴሌቪዥኑ ነው ያሳበቀባት።

ነጋዴው በዚህ ፈገግ ሲል ተራው ደረሰ። ከግራ ወደ መሐል ገብቶ ኖሯል። ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ እየጮኸ መጥቶ ስልኩ ፊት ሲደርስ ደረቱን መታ፤ ስልኩ አልፎት ሊሄድ ሲል አንዱን እጁን ከራሱ ላይ ሳያወርድ በሌላው ኪሱ ውስጥ የሚጠራውን ስልክ አውጥቶ አነሳ።

«ይኼን ቁረጪው» አለኝ።

ከዚህ ሆኜ መቁረጥ እንደማልችል በትሕትና ነገርኩት።

«ታዲያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ ምንድን ነው?»

አክስቴ ጨዋታው ወደማትፈልገው መሄዱን አይታ ትልቁን ነገር አወጣችው። የወንድሟን ሚስት እንድፈልግላት ጠየቀችኝ። እናቴ በሩ ጥግ እንደተቀመጠች ናት፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ቴሌቪዥን ላይ እፈልጋታለሁ። የተዘቀዘቀ ነጠላ ባየሁ ቁጥር አቆማለሁ። ሳቆመው ሰው ሁሉ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ በጭንቀቴ መሐል እንኳ ያስቀኝ ነበር። የጎረቤት ሴቶች አሉ፣ የነጋዴው ሚስት አለች፣ ከሟቹ ጋር በሕይወታቸው ተነጋግረው የማያውቁ ሴትዮ ሦስት ቦታ እያለቀሱ አሉ። እናቴ የለችም።

ምናልባት ጥቁሩ ውስጥ ትሆናለች አልኩ።

«ጥቁሩ ውስጥ የቆመ ሁሉ ከተቆጠረማ» አለች አክስቴ፣ «ማን ቀረ ሊባል ነው?»

የእድር ዳኛው እጃቸውን አነሱ። በዚያች ቅጽበት ራሳቸውን አግኝተዋል። ስንጥቁ መሐል በርኖሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው ለለቀስተኛ የሚታደለውን የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ፣ ንፍሮውን፣ ከመዳፋቸው ይቆረጥማሉ። እዚያ ጋ እንዳቆመው አዘዙኝና ራሳቸውን በደስታ ተመለከቱ።

«ይኼ ንፍሮ ጥሩ ነበር። ባቄላው ሳይፈርስ የበሰለ። ማን ነው የቀቀለው?»

እሳቸው የእድር ዳኛ ናቸው፤ ጥያቄ ሜዳ ላይ ጥለው አይሄዱም። ያን ቀን የእድሩ ሴቶች ሌላ ለቅሶ ላይ እንደነበሩ፣ ወደዚህ የተላከው ድስቱ ብቻ እንደሆነ አስታወሱ። ድስት ደግሞ ብቻውን አይቀቅልም አሉ። እናቴ እጇን ማየት ስለያዘች እኔ መለስኩ። እናቴ ናት አልኩ። ሌሊት ከዘመሮ ተነስታ ሄዳ፣ ማድ ቤት ሰው አጥታ፣ እዚያው ገብታ ውላ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መውጣቷን አባቴ ነግሮኝ ነበር።

አክስቴ አልተበገረችም። «ንፍሮ መቀቀል ሌላ፣ እርም ማውጣት ሌላ። ማድ ቤትማ ለሠርግም ይገባል።»

እናቴ ከመጣን ጀምሮ ሰላምታ ካልሆነ ቃል አልተናገረችም ነበር። አሁንም የተናገረችው ድምፅዋን ሳታነሳ ነው።

«አለቀስኩ እኮ እትዬ። ማገዶው እርጥብ ነበር፤ ጭስ ነበር። የቱ የጭሱ፣ የቱ የሳቸው እንደሆነ ግን ልለይልዎ አልችልም።»

«ማን አየሽ?»

«ማን ያየኛል እትዬ፤ ሁሉም እርስዎን እያየ።»

ነጋዴው ሳቁን በሳል ለወጠው፤ ሳሉ ግን ከእድር ዳኛው ሳል ጋር ሲነጻጸር ልምድ የሌለው ሳል ነበር። አክስቴ ቴሌቪዥኑን አየች፣ እናቴን አየች። የእድር ዳኛው ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ንፍሮውን በልተዋል፤ የበላ ሰው ምስክር ነው፤ የወንድምሽ ሚስት ለቅሶ ደርሳለች አሉ። አክስቴም ከእድር ዳኛ ጋር የምትጣላ ሴት ስላልሆነች ተነስታ እናቴን ጉንጭ ለጉንጭ ሳመቻት። ስማት ስታበቃም ክንዷን ሳትለቅ መከረቻት።

«ለሌላ ጊዜ ግን ብቅ በይ። ሰው ይይሽ። ለአንቺው ብዬ ነው።»

ወደ ቤታችን ስንመለስ እኔ ድል ያደረግን መስሎኝ ነበር።

ወደ ትምህርቴ ከመመለሴ በፊት በእኛው አጥቢያ አንድ ጎረቤት ሞተ። እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ በቀጥታ ማድ ቤት ገባች። እኔ ከሴቶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። እዚህም ስልክ ይዞ የሚዞር ወጣት ተመድቧል፤ ይኼኛው ስልኩን አጋድሞ ነው የያዘው። አገር ያድጋል።

ለቅሶው ሲሞቅ እናቴ ከማድ ቤቱ ብቅ አለች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፤ ዓይኗ ከጭሱ ቀልቷል። ማንንም ሳታይ ሰው መሐል አልፋ ስልኩ ፊት ቆመች። ልጁ ወደ ሌላ ዞሮ ስለነበር ጠበቀችው። ሲዞርላት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ እሷ ስትጮህ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ «ወንድሜን» አለች። ደረቷንም መታች። ከዚያ እጇን አውርዳ ልጁን ጠየቀችው።

«ገባሁ?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ድንኳኑ ውስጥ የሳቀ የለም። የገረመውም ያለ አይመስለኝም።

ቪዲዮው መሐል ሜዳ ደርሶ፣ በዚያ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አክስቴ ተምራለች መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ ደወለች። እናቴ እጇ ሊጥ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ያዝኩላት።

«አየሁሽ» አለች አክስቴ፣ በደስታ። «ቆንጆ አድርገሽ ነው ያለቀስሽው። ነጠላሽን ግን አልዘቀዘቅሽም።»

እናቴ እውነታቸውን ነው አለች፤ ረስታው ነው፤ ወገቧ ላይ አሥራው ኖሯል። ተመራርቀው ጨረሱ። አያቴ ከአልጋዋ ሆና ማን እንደደወለ ጠየቀች፤ ነገርናት፤ ደግ አደረገች ብላ ተመልሳ አሸለበች። እናቴ ሊጡን እያሸች ቀና ብላ የእናቷን አልጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ለሚመጣው አስታውሺኝ» አለችኝ።