ክርኑ ያረፈበት ቦታ

መጀመሪያ የማሽኗን ኤሌክትሪክ አጠፋ። ሐዲዱን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠመዝማዛውን ዘንግ በጣቶቹ ይዞ ቀስ ብሎ አዞረው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። አይንቋቋም፣ አይከብድም። ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን ትንንሽ ብሎኖች አንድ በአንድ ሞከረ፤ ሁሉም ጥብቅ ናቸው። ቀኝ እጁ እንደ ልማዱ ስለተንቀጠቀጠበት በግራው ደግፎ ጠብ አድርጎ ዘይት ቀባ። ከዚያ መልሶ አበራት።

ሰፈሩ «ጋሽ ሚሊሜትር» ይለዋል። ዕድሜውን የበር ሐረግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሮውን ሰቀለ፤ ልጁ ሐረጎቹን በኮምፒውተር ሳለችለትና በፕሮግራም የምትቀርጽ፣ ከምግብ ጠረጴዛ የማትበልጥ ሲኤንሲ ማሽን አስገባ። «አዲሷን እጄን አትንኩብኝ» ይላል ለመጣው ሁሉ።

አሁን አዲሷ እጅም ከዳችው። ግራና ቀኝ የሚመላለሰው ክንድ አንዳንዴ መሀል ላይ ተንገጫግጮ ይቆማል። ማሽኗ ግን የሄደ መስሏት ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ሐረጉ ይዛነፋል። የተያዘው ሥራ ባለ ሁለት ተከፋች በር ነው። አንዱ አልቋል፤ ለሁለተኛው ከዚያው ግንድ የወጣ አንድ ጣውላ ብቻ ቀርቷል። «ይሄ ከተበላሸ ሱቁን እዘጋለሁ» ብሏል ለሚስቱ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚያበግነው ሲያዩት ደህና መሆኑ ነው። ቁራጭ ጣውላ አስሮ፣ ጎንበስ ብሎ ሲከታተል ክንዱ ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተታል። ዞር ሲል ያው ነው።

«ጋሼ፣ ይቺማ የመሥሪያ ቤት ሰው ናት፤ የምትሠራው አለቃ ሲመጣ ነው» አለ የጎረቤቱ በያጅ በር ላይ ቆሞ።

«ከምትስቅ ና ያዝልኝ» አለው።

ሽቦዎቹን ባሉበት ትተው የዚህን ክንድ ሞተር ፈተው ወደፊትና ወደኋላ በሚሄደው ላይ ገጠሙ፤ የዚያን ወደዚህ አመጡ። ችግሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው ሞተሩ ንጹሕ ነው። ፍጥነቱን ቀነሱ፤ ለውጥ የለም። በያጁ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሥራው ሄደ።

ከሰዓት ሚስቱ ሻይ ይዛ መጣች። እሱ የማሽኗን ጠርዝ በክርኑ ተደግፎ ክንዷ ሲመላለስ ያያል።

«ክርንህን አንሳ፣ ላስቀምጥበት።»

«ቆይ፣ እያየሁ ነው።»

«በክርንህ ነው እንዴ የምታየው? አንሳ!»

አነሳ። የማሽኗ ክንድ ተንገጫግጮ ቆመ። ተያዩ። ክርኑን መለሰ፤ ሄደ። አነሳ፤ ቆመ።

ክርኑ ያረፈው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነበር። የተዝረከረከ ነገር ስለማይወድ፣ ማሽኗ በገባች ማግስት ራሱ ጠቅልሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከጠርዙ ጋር ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ክንዱ በተመላለሰ ቁጥር ሽቦው እዚያችው ቦታ ላይ ሲታጠፍ ሲዘረጋ፣ ላስቲኩ ደህና እንደሆነ የውስጡ መዳብ ተበጥሷል። ሲጫኑት ይገናኛል፤ ሲለቁት ይለያያል።

«ማጠባበቅማ ማን ብሎህ!» አለች። «የጫማህን ክር እንኳ የምፈታልህ እኔ ነኝ።»

አልሳቀም። የታሰረውን በጣቱ ዳሰሰው። በር ሲሆን አለመነቃነቁ ሙያ ነው፤ ለሚመላለስ ሽቦ ግን መሞቻው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱን ሲፈልግ የኖረው በላላ ነገር ውስጥ ነበር።

ማሽኗን አጥፍቶ ማሰሪያውን በፒንሳ ቆረጠ። አዲስ ሽቦ አመጣ፤ እሷ ያዘችለት፣ እሱ በየደ፤ ክንዱ እንደልቡ እንዲሄድም ዘለግ ያለ ትርፍ ተወለት። ቁራጩ ላይ ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ያቺን አንዲት ጣውላ አሰረና ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከማሽኗ ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሐረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴም ሳይዛነፍ ወጣ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንዲያው ጠጣው።

ዛሬ ሱቁ ክፍት ነው። ታሪኩ ሲነሣ ይህን ለሚያነብ ሁሉ ያለው ልመና አንድ ነው፦ «ቤታችሁ አንዴ እሺ፣ አንዴ እምቢ የሚል ዕቃ ካለ፣ ከመስደባችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ እሺ ባለ ጊዜ ክርናችሁ የት አርፎ እንደነበር አስታውሱልኝ።»