የሚንሸራተተው መጋዝ

የማስቲሹን ክዳን ስከፍት ሽታው ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ አናጢው አባቴ ከሰፈራችን ነጋዴ ያገለገለ የመጋዝ ማሽን ገዛ። መጋዙ የሚዞረው ጎማ በለበሱ ሁለት መንኮራኩሮች ላይ ነው። ነጋዴው «ላሊበላን! ጎማው አዲስ ነው» ብሎ ማለ። ለካ ያለቀውን ጎማ በጫማ ቀለም አጥቁሮታል። በሳምንቱ መጋዙ ተንሸራቶ ወጣና የአባቴን ሁለት ጣቶች ቆረጠ።

ሽማግሌዎች መጥተው «ማሽኑን መልስለትና ታረቁ» አሉት።

«አልመልስም» አለ አባቴ፣ እጁ በነጠላ እንደተጠቀለለ። «ይቀመጥ። አንድ ቀን የእሱን ጣውላ እሰነጥቅበታለሁ።»

ለነጋዴው በር ሊሠራለት መስሎኝ ተናደድኩ። ማሽኑ ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ ሃያ ዓመት ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ነጋዴው አረፈ። ልጆቹ አሁን ከአባቴ ጋር ወደምሠራበት አናጢ ቤት መጥተው «እህታችን፣ የሬሳ ሳጥን ቶሎ አድርሺልን» አሉኝ። እነሱ እንደወጡ አባቴ ሸራውን ገፈፈው። ከአሮጌ የመኪና ካላማደሪያ አዲስ ጎማ ቆረጥኩለት፤ ማስቲሹን በሦስት ጣቶቹ እሱው ቀባ።

«ቁመቱን ልጆቹን ልጠይቅ?» አልኩት።

«አትጠይቂ» አለኝ ጎማውን እየተጫነ። «በደጄ ባለፈ ቁጥር ስለካው ኖሬያለሁ።»