ከመድረሱ በፊት የተከፈተው ጋን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ውስጥ በተጠራሁበት ሠርግ አንዲት ልጅ ጠላ ቀድታ ሰጠችኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው የጌሾው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ድፍድፉ ሳይከርም፣ ጉልበቱ ሳይበርድለት ተጣድፈው ያጠለሉት ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጬ ከዳሱ ወጣሁ። ጠላው ያስከፋኝ የመሰለው ሰው ይኖራል። እኔን ያናደደኝ ግን የእትዬ እንጉዳይ ነገር ነው።

እትዬ እንጉዳይ ባደግኩበት በአንበሳሜ ከተማ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሞተው፣ አንዲት ልጃቸውን ይፋግ ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ጠማቂ። ቤታቸው ሲገባ የወይራ ጢስና የተቆላ ገብስ ሽታ ይቀበላል፤ መደቡ ላይ በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ ያንሾካሹካል። ድፍድፉን ጋን ውስጥ ከትተው አፉን በጭቃ ይመርጉትና ሦስት ወር አይነኩትም። ለምን እንደማይጠጣ ስጠይቃቸው፣

"ገና ቁጡ ነው ልጄ። አሁን የጠጣውን ሰው ይጥለዋል። ሲከርም ይለዝባል" ይሉኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ለባላቸው ሙት ዓመት ጠመቁ። ጋኑ ከተመረገ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው አያ ካሴ ልጁን ሲድር ጠላ አነሰው። እርሳቸው ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቆ፣ አባቴን አስከትሎ ቤታቸው ገባ። አባቴ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት።

የዚያን ቀን ሠርገኛው ታመመ። የሚያስመልሰው በዛ፣ ራሱን ይዞ ሣር ላይ የሚጋደመው በዛ። በማግስቱ "ጠላው የእንጉዳይ ነው፤ መድኃኒት ጨምራበት ነው" ተባለ። ሽማግሌዎች ሾላው ሥር ተቀምጠው እትዬ እንጉዳይን አስጠሩ።

"እኔ ለማንም አልቀዳሁም" አሉ ቆመው። "የእኔን ጋን የከፈተው ሰው እዚሁ ተቀምጧል። እሱ ይናገር።"

አያ ካሴ መሬት መሬቱን አየ። አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። ቤት ስንገባ፣

"አባባ፣ ጀሪካኑን ይዘህ አይቼሃለሁ" አልኩት።

"በትልልቅ ሰው ነገር አትግቢ። ዝም በይ" አለኝ።

ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይኼ ነው፤ የእሱም ዝምታ፣ የእኔም።

ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኛው ከእርሳቸው ጠላ አላዘዘም። በበዓል እንኳ የቀዱትን የሚቀበል ጠፋ። ጋኑን አጥበው ጓዳ ደፉት። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን እንደ ድሮው ጉንጬን ስመው እናቴ ደህና መሆኗን ይጠይቁኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲሞቱ እኔ ደብረ ታቦር ሥራ ይዤ ነበር። ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት "ደግ ነበሩ፤ ያች የመድኃኒቷ ነገር ብቻ..." ብላ ጀመረች። ተነሣሁ።

"መድኃኒት የሚባል አልነበረም" አልኩ። "ጋኑን የከፈተው አያ ካሴ ነው። ተሸክሞ የወጣው አባቴ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

አያ ካሴ ከሞተ ቆይቷል። አባቴ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

"እውነቷን ነው" አለ ቀና ሳይል።

ያችን ቃል ስንት ዓመት ይዟት ኖረ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ልጃቸው ከአርባው በኋላ ወደ ይፋግ አልተመለሰችም። እናቷ ቤት ገብታ መጥመቅ ጀመረች። በቀደም አንበሳሜ ስሄድ የማኅበሩ ሴቶች ጠላ ሊያስጠምቁ ገብስ ተሸክመው ደጇ ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። እናቴም መካከላቸው ቆማለች።