ጎንደር ላይ ያጎደልኩት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ልጄ አታውቅም። የነፍስ አባቴም አያውቁም፤ ሲያናዝዙኝ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህቺን ከምላሴ ሥር ይዣት ስወጣ ኖሬያለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። ቀበሌው «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የሚባል፣ ስሙ ከትምህርቱ የሚረዝም ነገር ሲያመጣ ጎረቤቶቼ ስማቸውን ለመጻፍ ተመዘገቡ። እኔ የተመዘገብኩት ይህን ለመጻፍ ነው። ለሌላ ሰው ነግሬ ማስጻፍ እችል ነበር። ግን የሚጽፍልኝ ሰው እኔ ያልኩትን ይጻፍ፣ የራሱን ይጻፍ በምን አውቃለሁ? በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አውቃለሁ። አድርጌዋለሁ።

አገሬ ቦንጋ አጠገብ ያለው ማንኪራ ነው። አባቴና አጎቴ ከአባታቸው የወረሱት ኮቦ ነበራቸው። ኮቦ እኛ ዘንድ ቀፎ የሚሰቀልበት፣ ቡና የሚለቀምበት፣ ባለቤቱ የታወቀ የጫካ ድርሻ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለው የአባቴ፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው የአጎቴ ነበር። የጌተሙ ዛፍ በብዛት ያለው ወዲያ ነው። ነጩን ማር የሚሰጠው ደግሞ ጌተም ነው።

ሁለቱም ወንድማማቾች ሞቱ። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ የድሮ ድርሻዬ እያለ ሲነሣ፣ እኔም ከወንዙ ወዲያ ያለው የእኛ ነው ብዬ ተነሣሁ። የአጎቴ ሚስት እትዬ አየለች ሕፃን ልጇን ታቅፋ ሽማግሌዎች ፊት ቆመች። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲጠፋባቸው እናቴን አስጠሩ። እናቴ በውሸት የማትታማ ሴት ነበረች። ተነሥታ፣ «የባሌ ወንድም ድርሻውን ለባሌ ሰጥቶ ነው የሞተው። ሐሰት ተናግሬ ከሆነ ይህን ልጄን ይንሳኝ» ብላ ማለች። ልጇ እኔ ነኝ። ሌላ አልወለደችም። በአንድ ልጇ የምትምል እናት ማን ይጠራጠራል? ነገሩ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

እንድትመሰክር የለመንኳት እኔ ነኝ። በእኔ ማይ ግን አላልኳትም። ያንን ራሷ ጨመረችው።

ከዚያ በኋላ እናቴ እትዬ አየለችን መንገድ ላይ ካየች ዞራ ትሄድ ነበር። ማሩንም አትቀምስም። ጥርሴን ያመኛል ትላለች። እኔም እንደማምናት እሆናለሁ።

ዓመታት አለፉ። ልጄ ትዕግሥት ቦንጋ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ መምህር አገባች። ይልቃል ይባላል። ደግ ልጅ ነው፣ ወሬው ግን ጎንደር ብቻ ነው። ዝናብ እንኳ ሲዘንብ የጎንደር ዝናብ እንዲህ አይደለም ይላል። አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ሁላችሁንም ወስጄ ግንቡን ሳላሳያችሁ አልቀርም» አለ። ሚስቴ ከብቱን ማን ይጠብቅ ብላ ቀረች። እናቴ፣ እኔ፣ ትዕግሥትና ባሏ፣ ገና ድክ ድክ የምትል ልጃቸው፤ አራት ትውልድ በአንድ አውቶብስ ተሳፈርን።

እናቴ እሄዳለሁ ስትል ሁላችንም ገርሞን ነበር። ከጅማ አልፋ አታውቅም፣ ከሰላምታ በቀር አማርኛ አትሰማም። ነጭ ማር በሁለት ዕቃ ሞልታ ያዘች። አንዱ ለይልቃል ወላጆች ነው። ሁለተኛው የማን ነው ስትባል «የሚበላው አይጠፋም» አለች።

ጎንደር ስንደርስ የይልቃል ቤተሰብ በደስታ ተቀበለን። ማሩን ቀምሰው እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም አሉ። በማግስቱ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ግንቡን ልናይ ሄድን። ይልቃል እየዞረ ይተርካል፣ ትዕግሥት የተጻፈውን ታነባለች፣ እኔ ለእናቴ በቋንቋችን በካፊኖኖ እነግራታለሁ። እናቴ እርጥቡን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችና ጠየቀች።

«ይህን ድንጋይ ሁሉ ማን ተሸከመው?»

ተረጎምኩ። ይልቃል ሳቀና፣ «እማማ፣ ንጉሡ ነዋ ያሠራው» አለ። ያንንም ተረጎምኩ።

«ያሠራውንማ ነገራችሁኝ። እኔ የጠየቅኩት የተሸከመውን ነው።»

ይልቃል መልሱን ከተጻፈው ሊፈልግ ዞረ። ትዕግሥት እስክትደክም ሳቀችበት። «መምህሩ ወደቀ!» አለችው። ያን ቀን አንዲት ቃል አላጎደልኩም። ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። ልጆቼ ያነባሉ፣ እኔ አላነብም፤ ያለ እኔ ግን አያትና አማች መነጋገር አይችሉም። ያን ቀን ሁሉም አፌን ሲጠብቁ ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለተኛውን ማር ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ቤተ ክርስቲያን ውሰደኝ። ብቻህን» አለችኝ። መንገድ ላይ ነገረችኝ፤ ልትናዘዝ ነው። እስከ ጎንደር የመጣችው ለዚህ ነው። የነፍስ አባቷ የእትዬ አየለች የእህት ልጅ ናቸው። «እሳቸው ጋ የገባ ነገር በአፋቸው ባይወጣ በዓይናቸው ይታያል» አለች። ትዕግሥት ትተርጉምልሽ ብላት፣ «የልጅ ልጄ እንዲህ ያለች አያት እንዳላት አትስማ» አለች። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ቄሱ ሽማግሌ ናቸው። ከደጀ ሰላሙ ውጭ የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። እናቴ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበርክካ ጀመረች። ወንዙን፣ ጌተሙን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የማለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። ከሁሉ የሚያስፈራት በልጇ መማሏ እንደሆነ፣ ልጇ ዛፍ ላይ በወጣ ቁጥር ገመዱ የሚበጠስ እየመሰላት መሬት ቆማ እንደምትቆይ ተናገረች። ይህን አላውቅም ነበር።

የእሷን ቃል በሙሉ ተረጎምኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት ቄሱ ጸልየውላት ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ ይሆናል። ልጇ እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም።

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ሴትዮዋ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«ስሟ ማን ነው?»

«አየለች።»

«አየለች» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ቀጥለው የተናገሩትን ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ። «እናቴ፣ ንስሐ ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ መመለስ ነው። የአየለችን ለአየለች ይመልሱ። በሽማግሌ ፊት የማሉትን በሽማግሌ ፊት ያፍርሱ። ያን ጊዜ እኔ ባልኖር አገርዎ ያለ ቄስ ይፈታዎታል። ዛሬ ግን መስቀሌን አላሳርፍብዎትም። ማሩንም ይውሰዱት፣ የእርስዎ አይደለም።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ንገራቸው ልጄ» አሉ።

እናቴ አፌን አፌን ታያለች። ግንቡ ሥር ታየው እንደነበረው።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለዋል» አልኳት።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ቄስ አይደለሁም፣ ዲያቆን አይደለሁም፣ ፊደል እንኳ አልቆጠርኩም ነበር። እናቴን የፈታኋት እኔ ነኝ። ኃጢአቱ ውስጥ የከተትኳት፣ መልሼም የፈታኋት እኔ።

ቀላል ነገር ብነግራት እንደማታምን ስለማውቅ ቀኖናም ጨመርኩ። «በየማለዳው ስገጂ ብለዋል።»

«መስቀሉስ?»

«ስግደቱን ስትፈጽሚ አገር ቤት ያለው ቄስ ያሳርፍልሻል።»

«ማሩስ?»

«ለመንገድ ስንቅ ይሁናችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ማር ምን ያደርግላታል ብለዋል።»

«ሰሙ የሚመጣው ከየት መስሏቸው ነው?» አለችና ሳቀች። ጎንበስ ብላ የቄሱን ጉልበት ሳመች። እሳቸው እሺ ያለቻቸው መስሏቸው፣ «እግዚአብሔር ያበርታዎ» አሉ። ይቺን በትክክል ተረጎምኳት።

ለእናቴ አዝኜ ነው ያደረግኩት ማለት እችል ነበር። የሚያምነኝም አይጠፋም። ግን አይደለም። ቄሱ ተናግረው ሳይጨርሱ እኔ የማስበው ጌተሙን ነበር። በአበባ ጊዜ ንቡ ሲተምበት ታየኝ። የእናቴ ነፍስ አልታየኝም። አጠገቤ ተንበርክካ ሳለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ሕፃኗን እያጫወተች አውቶብሱን ሙሉ አሳቀች። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንቆም ያን ማር ከፈተችና ዳቦ እያጠቀሰች ሰጠችኝ። «ብላ። ከመሐላው ወጣህ እኮ» አለችኝ። በላሁ። ጣፈጠኝ። መረረኝ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል።

ማንኪራ ከገባን በኋላ በየማለዳው ትሰግዳለች። ጉልበቷ አበጠ። ትዕግሥት ልትጠይቃት መጥታ አየቻትና ጮኸች። «አባዬ፣ ምን ዓይነት ቄስ ነው? ይህቺን አሮጊት አሰግዶ ሊገድላት ነው?» ይልቃል አፈረም ኮራም። «የእኛ አገር ቄስ ጥብቅ ነው» አለ። እኔ ደግሞ «በቄስ ሥራ አትግቢ» ብዬ ተቆጣኋት። እናቴ ስትነሣ ግድግዳ ይዛ ነው የምትነሣው። አየኋት። አየኋትና ቀፎ ልሰቅል ሄድኩ።

አንድ የገበያ ቀን ከእሷ ጋር ቦንጋ ወረድን። እትዬ አየለች ዝንጅብል ዘርግታ ተቀምጣለች። እናቴ ዞራ በመሄድ ፈንታ ቀጥ ብላ ሄዳ አቀፈቻት። ሴትዮዋ ደነገጠች። እናቴ በደስታ፣ «አየለች፣ ጎንደር ሄጄ ባንቺ የሠራሁትን ተናዘዝኩ። እግዚአብሔር ይቅር አለኝ» አለቻት።

እትዬ አየለች ነጠላዋን አስተካከለች። አልተቆጣችም። «እሰይ። እንኳን ይቅር አለሽ» አለች። ከዚያ፣ «ለእኔስ ምን አለኝ?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ጠየቀችኝ። «ያ ቄስ ስለ አየለች ምንም አላሉም?»

«ምንም አላሉም።»

«ስሟን እንኳ አልጠየቁም?»

«አልጠየቁም።»

«እኔ ግን አፋቸው ላይ ስሟን ሰምቻለሁ» አለች። «አማርኛ ባልሰማም ስም እሰማለሁ።»

አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ቄሱን ያታለልኩት ድንገት ነው እንበል፤ ይህኛውስ? ይህኛውን አስቤበት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልሰገደችም። ለምን ተውሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሽማግሌ አስጠርታ መሐላዋን ልታፈርስ ትችል ነበር። እንዲያ ብታደርግ ግን የእሷ ሐሰት ብቻ አልነበረም የሚወጣው፤ የእኔም ይወጣ ነበር። ዝም አለች። አንዴ በምላሷ፣ አንዴ በዝምታዋ፣ ሁለት ጊዜ እኔን መረጠች። ጌተሙ ዳግመኛ ሳያብብ ሞተች። መስቀል ያረፈባት ከሞተች በኋላ ነው።

እትዬ አየለች ለቀብሩ መጥታ ከእኔ ይልቅ አለቀሰች። የእናቴ መሐላ አልደረሰብኝም፤ ገመዱ አልተበጠሰም፣ ይኸው አርጅቻለሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ፊት እትዬ አየለች የታቀፈችው ልጅ ገዛኸኝ ዛሬ ቦንጋ ባጃጅ ይነዳል። ከገበያ ሲያደርሰኝ ሒሳብ አይቀበለኝም። «ተው አጎቴ፣ አንተ እኮ የአባቴ ወገን ነህ» ይለኛል። እወርዳለሁ፣ ሒሳቤን ኪሴ ከትቼ እሄዳለሁ።

ዘንድሮ ከወንዙ ወዲያ ያሉትን ቀፎዎች አውርጄያለሁ። ይህን እንደ ደግነት አትቁጠሩልኝ። አርጅቼ ዛፍ መውጣት አቅቶኛል። ከድሮዎቹ ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ይጠሩ፣ ፊታቸው እቆማለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ ብጠይቅ እትዬ አየለች እሺ ትለኛለች፤ እንደዚያ ያለች ሴት ናት። ያኔ ደግሞ ዕዳውን ለሁለተኛ ጊዜ ለእሷ ማሸከሜ ነው።

ቤቷ ከደጄ ይታያል። በራሷ ቋንቋ ፊት ለፊት መናገር ስችል እሷ በማታነበው አማርኛ የጻፍኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ፣ ገዛኸኝ፣ ይህን የምሰጠው ለአንተ ነው። አንተ ታነባለህ። እናትህ ገበያ መሀል «ለእኔስ ምን አለኝ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የተባለው ከላይ ተጽፏል። ቄሱ ስሟን ጠርተዋል። አጠገቧ ተቀመጥና በካፊኖኖ ንገራት። አፍህን ታያለች። አንዲት ቃል አታጉድል።