ዘመናይ በፊት በር ገባች

ዘመናይ ያየችውን ሳትናገር ማለፍ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ደምቢያ ተወልዳ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ በሱዳን በኩል እስራኤል ገብታ፣ ረሆቮት በምትባል ከተማ ከተቀመጠች ሃያ ዓመት ሆኗታል። በከተማው የምርምር ተቋም ካሉት ሕንጻዎች ባንዱ ጽዳት ትሠራለች። ፕሮፌሰር እንኳ ቢሆን ጭቃ የያዘ ጫማ አድርጎ ከገባ ወደ በሩ ትመልሰዋለች ይሏታል።

ባሏ አለበል የሷ ተቃራኒ፣ ጡረታ የወጣ ዝምተኛ ሰው ነው። "ቻይው እንጂ፤ የሰው አገር ነው" ሲላት፣ "የሰው አገር ነው? አገራችን ነው ብለህ አይደል እንዴ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ያስኬድኸኝ?" ትለዋለች።

በፈረንጆቹ 2005 መስከረም የልጅ ልጇ ሊሂ አራት ዓመት ሞልቷት ጋን ገባች፤ ጋን የሚሉት መዋዕለ ሕፃናቱን ነው። ሕንጻው አንድ፣ በሩ ግን ሁለት ነበር። በፊት ለፊቱ በር የሌሎቹ ጎረቤቶች ልጆች ይገባሉ። ከኋላ፣ በቆሻሻ ገንዳው በኩል፣ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሚያስተዳድረው ክፍል አለ፤ እዚያ ያሉት ሠላሳ ልጆች በሙሉ የቤተ እስራኤል ልጆች ናቸው። በመሃል የሽቦ አጥር ቆሟል።

"ቋንቋቸው እስኪጠነክር ነው" ብለው የማኅበሩ ሰዎች አስረዷት። ሊሂ ደግሞ ከዕብራይስጥ በቀር ቋንቋ አታውቅም፤ የአያቷን አማርኛ እንኳ የምትሰማው በግማሽ ነው።

ዘመናይ ሁለት ጊዜ ሄዳ አቤት አለች፤ ሁለት ጊዜም "ይታያል" ተባለች። ከዚያ የማኅበሩ ሰው ኢታይ ፊቱ ፈክቶ ቤቷ ድረስ መጣ።

"የፕሬዚዳንቱ ሚስት አዲሱን ክፍል ልትመርቅ ነው! አንቺ የሐበሻ ቀሚስሽን ለብሰሽ በአማርኛ ትመርቂያታለሽ። ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ቤሰደር?"

"ቤሰደር፣ እሺ" አለች ዘመናይ።

ኢታይ እንደወጣ አለበል ፊቷን አይቶ ሰጋ። "ምን አስበሽ ነው?"

"ልመርቃት ነዋ።"

የፕሬዚዳንቱን ሚስት፣ ድቮራን፣ ዘመናይ በቴሌቪዥን ታውቃታለች። ድቮራ በወጣትነቷ በስደተኞች የድንኳን ሰፈር እየዞረች ፊደል ያስቆጠረች አስተማሪ ናት። በኋላም መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሌሎች ጋር ባንድ ክፍል ይማሩ ብላ ከስንት ሚኒስትር ጋር ተሟግታለች። ባሏ ከተሾመ ወዲህም ይህንኑ ይዛ በየከተማው መዞሯን አልተወችም። ዘመናይ ልብ ያለችው ይህን ነበር። "ለነዚያ የጮኸች ሴት ለኛ ልጆች ዝም ካለች፣ እሱንም አይቼ ልወቀው" አለች።

በምረቃው ቀን ኋለኛው በር ላይ ቀይ ጥብጣብ ተወጥሯል። ካሜራ አንሺዎች ይተራመሳሉ። ከሠራዊት በቅርብ የተሰናበተች ኤንባል የምትባል የሰፈሩ ልጅ ለማስተርጎም ቆማለች። ድቮራ ሰባን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት፤ መቀሱን ይዛ ትጠብቃለች።

ዘመናይ ማይክራፎኑን ተቀበለች።

"እንኳን ደህና መጡ። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ፤ ልጆችዎን ይባርክልዎ።" ኢታይ ራሱን በደስታ ነቀነቀ። እሷ ግን ቀጠለች። "አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ። ይህን ጥብጣብ አይቁረጡት። ይህ በር ልጆቻችንን ከልጆች የሚለዩበት በር ነው።"

ኤንባል ደንግጣ ኢታይን አየችው። ከዚያም በዕብራይስጥ፣ "እንግዳዋን ታመሰግናለች፤ ክፍሉም በጣም ደስ ብሏታል" ብላ ተረጎመች። ሰው አጨበጨበ።

"ሎ! አይደለም!" አለች ዘመናይ። "እንደሱ አላልሁም። ልጄ፣ ያልሁትን ንገሪ።"

"እማማ ዘመናይ፣ እባክዎ... ሎ ናዒም፣ ደስ አይልም፣ ሰው ፊት ነው" አለች ኤንባል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"እንግዲያስ ተይው።" ወደ ድቮራ ዞራ በተሰባበረ ዕብራይስጧ ራሷ ጀመረች። ዕብራይስጥ አንቱታ አያውቅም፤ ለዚያ ቀን ተስማማት። "ሁለት በር አለ። ያኛው የነሱ፣ ይኼ የኛ። የልጅ ልጄ ዕብራይስጥ እንዳንቺ ትናገራለች። የጎደላት ቋንቋ አይደለም፤ ጓደኛ ነው!"

ኢታይ ማይክራፎኑን ሊነጥቃት እጁን ዘረጋ። ጨብጣ ያዘችው።

ድቮራ መቀሱን ኢታይ እጅ ላይ አኖረችና፣ "ያኛውን በር አሳዪኝ" አለቻት።

ዘመናይ ሊሂን በአንድ እጇ ይዛ ሕንጻውን ዞረች፤ ድቮራ ከጎኗ፣ ሠላሳው ልጅ ከኋላቸው። በፊት ለፊቱ በር ላይ የጋኑ ኃላፊ ሻሮን ቆማ ነበር።

"ይቅርታ፣ እነዚህ ልጆች እዚህ አልተመዘገቡም።"

"እኔም አልተመዘገብሁም" ብላ ድቮራ ገባች። ሁሉም ተከትለዋት ገቡ።

ድቮራ ስትሰናበት ግን ዘመናይን አላታለለቻትም። "ባሌ ፕሬዚዳንት ቢሆን አዛዥ አይደለም፤ እኔም የምፈርመው ነገር የለም። የምችለው መጥቼ እዚህ በር ላይ አብሬሽ መቀመጥ ነው። አንቺስ ትቀመጫለሽ?"

"ሱዳን በረሃ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ" አለች ዘመናይ።

በማግስቱ አጥሩ እንደቆመ ነበር፤ ልጆቹንም በኋላው በር መለሷቸው። ዘመናይ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ፊት ለፊቱ በር ላይ ቁጭ አለች። በመጀመሪያው ቀን አራት ሴቶች ነበሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከአሥራ አምስት በለጡ። ማኅበሩ "ክፍሉን እንዘጋዋለን" ሲል ግማሾቹ ፈርተው ቀሩ። የሥራ አለቃዋም ታረፍጃለሽ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በማግስቱም ተቀመጠች። ድቮራ ሁለት ጊዜ መጣች፤ ካሜራ ሳታስከትል ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች አደለቻቸው። አንድ ጠዋት ደግሞ አለበል የራሱን ወንበር ተሸክሞ ደረሰ።

"ምነው፣ የሰው አገር አይደለም ወይ?" አለችው ዘመናይ።

"ዝም በይና ጠጋ በይልኝ" አላት።

በስድስተኛው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ የላካቸው ሠራተኞች መጥተው ሽቦውን ነቀሉ፤ ልጆቹም በሁለቱ ክፍሎች ተደባለቁ። ሁሉም ደስ አላለውም፤ ሦስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አስወጥተው ሌላ ቦታ ወሰዱ። ኢታይ ዘመናይን መንገድ ላይ ሲያያት ወዲያ ማዶ ይሻገር ጀመር። ኤንባል ግን ቤቷ መጥታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ዘመናይ ጉንጯን ሳመችና፣ "ሁለተኛ ቃሌን እንዳታጣምሚብኝ" አለቻት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ተጠራ። ዘመናይ ከሥራ በቀጥታ ሄደች።

"ኮሚቴው ለወላጆች ብቻ ነው" አለቻት ሻሮን።

ዘመናይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እኔ የሊሂን እናት የወለድሁ ነኝ። ከኔ የበለጠ ወላጅ ካለ አምጪልኝ።"